የጠላ ዕቃ አጠባብ በደጋው አገርና በጅቡቲ ከተማ

ከገብሱ አጨዳ ጀምሮ እስከ ዋንጫው ድረስ የጠላ ሥራ ብዙ ድካም የሚጠይቅ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ገበሬው አርሶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ እህሉን ወደ ጎተራው ያስገባል። ባለሙያዋም ብቅሉን አብቅላ፣ ጌሾውን ወቅጣ፣ አሻሮውን ቆልታ፣ እንኩሮውን አንኩራ ጠላውን ትጠምቃለች። ይህ ሁሉ ድካም ግን በሚገባ ባልታጠበ አንድ ጋን ምክንያት በጥቂት ቀን ውስጥ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ጠላው ይሆመጥጣል፤ ወይም የሻጋታ ሽታ ያመጣል፤ እንግዳውም ቀምሶ ዋንጫውን ያስቀምጣል። የጠፋው ደግሞ ጠላው ብቻ አይደለም፤ እንጀራ ሆኖ ቤተሰቡን ሊያጠግብ ይችል የነበረው እህል፣ የተቃጠለው እንጨትና የተቀዳው ውሃ ሁሉ አብሮ ጠፍቷል። ጠላ ሸጣ ልጆቿን ለምታሳድግ ሴት ደግሞ አንድ ጋን ተበላሸ ማለት የወሩ የቤት ኪራይ ተጓደለ ማለት ነው።

ስለዚህ የጠላ ዕቃ ማጠብ ጠላው ካለቀ በኋላ የሚሠራ ትርፍ ሥራ መስሎ መታየት አይገባውም። የዛሬው አጠባብ የሚመጣው ጥንስስ መጀመሪያ ነው። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» እንደሚባለው፣ ትልቁ የጠላ ሥራ ጸንቶ የሚቆመው በዚህ ትንሽ በሚመስል ሥራ ነው።

ባለሙያ እናቶች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጎ ማጠብንና በወይራ ጭስ ማጠንን ለልጆቻቸው ያወረሱትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ልማድ የተመሠረተው በቀዝቃዛው ደጋ፣ በሸክላ ዕቃ ላይ ነው። ዛሬ ጠላ በፕላስቲክ በርሜልና በጀሪካን ጭምር ይጠመቃል፤ ጠማቂውም ከደጋው ወርዶ በቆላና በባሕር ጠረፍ ሊኖር ይችላል። አገሩና ዕቃው ሲለወጥ ከልማዱ የትኛው ሳይነካ እንደሚጠበቅ፣ የትኛውስ እንደሚስተካከል ማስረዳት የዚህ ትምህርት አሳብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጅቡቲ አየርና ከደጋው የወረደ ሰው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ከባሕሩ እምብዛም ከፍ ባላለ ሜዳ ላይ ትገኛለች። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ቢሆን የደጋውን ሌሊት ያህል አይበርድም። የምድር ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሸቀጡም ሰውም ሲመላለስ ኖሯል። በ2018 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። በወደቡ ሥራ፣ በጭነት መኪናና በልዩ ልዩ ሙያ ምክንያት ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ኢትዮጵያዊም የአገሩን ምግብና መጠጥ በልቡ ይዞ ይወርዳል።

የጅቡቲ ሕዝብ አብዛኛው የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። ስለዚህ በእንግድነት የሚኖር ሰው ለበዓል ጠላ ልጥመቅ ቢል አስቀድሞ የአገሩን ሕግ መጠየቅና የጎረቤቱን ልማድ ማክበር ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚሰጠው ምክር ግን ለጠላ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ለብርዝ፣ ለእርጎና ለሌላም በቤት ውስጥ ለሚዘጋጅ መጠጥ ዕቃ ሁሉ ይጠቅማል።

ጠላ የሚበላሸው በምን ምክንያት ነው

ጠላን ጠላ የሚያደርገው እርሾ የሚባለው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። እርሾው ከብቅሉና ከእህሉ የሚገኘውን ስኳር እየበላ አልኮልና የአረፋውን አየር ይሠራል። ነገር ግን በጋኑ ውስጥ እርሾው ብቻውን አይኖርም። ሌሎች ሁለት ወገኖች ከእርሱ ጋር ይሻማሉ። አንደኛው ወገን ወተትን እርጎ የሚያደርገውን አሲድ የሚሠራ ባክቴሪያ ነው፤ ይህ በልክ ሲሆን ለጠላው ደስ የሚያሰኝ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይሰጠዋል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ያበላሸዋል። ሁለተኛው ወገን አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጥ ባክቴሪያ ነው። ይህኛው ያለ አየር ሊሠራ ስለማይችል፣ ጋኑ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ወይም ጠላው እየተቀዳ ጎድሎ በላዩ ብዙ አየር ሲገባ ኃይል ያገኛል።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቢራ መበላሸት በእነዚህ በማይፈለጉ ረቂቅ ተሐዋስያን ምክንያት መሆኑን አስረዳ። በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን ከተማ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን የተባለው ሊቅ መልካሙን እርሾ ከመጥፎው ለይቶ ብቻውን ለማራባት ቻለ። ከዚያ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች እርሾውን በጥንቃቄ መምረጥ ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ንጽሕናም ከሥራቸው ሁሉ በፊት የሚያስቀድሙት ሆነ። በአገራችንም በ1922 የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካና ከእርሱ በኋላ የመጡት ፋብሪካዎች በዚሁ ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው።

የቤት ጠላ ግን የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህል ስለ ሆነ ራሱን ከጠላት የመከላከል ኃይሉ አነስተኛ ነው። ጌሾው በመራራነቱ አንዳንዱን ባክቴሪያ ቢከላከልም፣ በቆሸሸ ዕቃ ውስጥ የሰፈረውን ሁሉ ሊያሸንፍ አይችልም።

በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመር ነገሩ ምን ያህል እንደሚፋጠን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በደጋው ቀዝቃዛ ሌሊት አንድ ባክቴሪያ በየ2 ሰዓቱ ሁለት እየሆነ ይራባል እንበል፤ በ10 ሰዓት ውስጥ 32 ይሆናል ማለት ነው። በጅቡቲ ሙቀት ግን ያው ባክቴሪያ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት እየሆነ ቢራባ፣ በዚያው 10 ሰዓት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ባክቴሪያ የሚራባበት ፍጥነት የተለያየ ስለ ሆነ ይህ ቁጥር ለምሳሌ ያህል የተሰጠ ነው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ማታ ያለቀበትን ጋን ጠዋት አጥበዋለሁ ማለት በደጋው ትንሽ ስንፍና ሲሆን፣ በጅቡቲ ግን ትልቅ ጥፋት ነው።

የሸክላ ዕቃ ጠባይ

የሸክላ ጋንና እንስራ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ አይደለም። ገላው በዓይን የማይታይ ብዙ ቀዳዳ ስላለው የተቀመጠበትን ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይመጣል። ይህ ጠባይ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ፣ ውሃው በሸክላው ገላ እያዛ ሲተን ዕቃውን ማቀዝቀዙ ነው። መልካሙ እርሾም በቀዳዳው ውስጥ ስለሚቀር ለሚቀጥለው ጥንስስ ይረዳል። ጉዳቱ ደግሞ ክፉውም ባክቴሪያ እንደ መልካሙ እርሾ በዚያው ቀዳዳ ውስጥ መደበቁ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠላው የሆመጠጠበት ጋን ከላይ ሲታይ ንጹሕ ቢመስልም የሚቀጥለውን ጠላ ያሆመጥጣል።

ከዚሁ ጠባይ የተነሣ ሸክላን በሳሙና፣ በኦሞና በበረኪና ማጠብ አይገባም። ሸክላው የሳሙናውን ሽታና ጣዕም መጥጦ ያስቀርና በኋላ ለጠላው ይመልሰዋል። የፈላ ውሃም በድንገት በቀዝቃዛ ጋን ላይ ቢገለበጥ ጋኑ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ በለብ ያለ ውሃ አሙቆ ሙቀቱን ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል።

የጋንና የእንስራ አጠባብ ቅደም ተከተል

1ኛ፤ ጠላው ተቀድቶ እንዳለቀ አተላው ሳይደርቅ በዚያኑ ሰዓት ይወገድ። የደረቀ አተላ በሸክላው ላይ እንደ ልጥፍ ስለሚሆን ለማስለቀቅ ያስቸግራል፤ ከሥሩም ለባክቴሪያ መጠለያ ይሆናል። የወጣው አተላ ለከብት መኖ ይሰጥ እንጂ በማድ ቤቱ አጠገብ አይደፋ። በአተላው ላይ የሚሰፍሩት ትናንሽ ዝንቦች የኮምጣጤውን ባክቴሪያ በእግራቸው ተሸክመው ወደ ንጹሑ ጋን ያመጣሉና።

2ኛ፤ ዕቃው የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ይለቅለቅ። መጀመሪያ ቆሻሻው ሳይወገድ ግራዋም ሆነ ጭስ ሥራውን ሊሠራ አይችልም።

3ኛ፤ እርጥብ የግራዋ ቅጠል በእጅ ታሽቶ ከጥቂት ውሃ ጋር የጋኑ ውስጥ፣ አንገቱና አፉ በሚገባ ይፈተግ። ግራዋ በውሃ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና ቅባትና ቆሻሻ የሚያስለቅቅ ነገር በውስጡ ስላለው ነው። መራራነቱም ከሌሎች ንጥረ ነገሮቹ የሚመጣ ሲሆን፣ አንዳንዱ ንጥረ ነገር የባክቴሪያን እድገት የሚገታ መሆኑ በቤተ ሙከራ ታይቷል። እንግዲህ እናቶቻችን የመረጡት ቅጠል ሳሙናም መድኃኒትም ሆኖ የሚያገለግል፣ በሸክላውም ላይ የሳሙና ሽታ የማያስቀር ነው። ይህን የመሰለ ጥበብ በሌላም አገር ይገኛል፤ በኖርዌይ ገጠር የቤት ቢራ የሚጠምቁ ገበሬዎች የእንጨት ዕቃቸውን የጥድ ቅርንጫፍ በተቀቀለበት ትኩስ ውሃ ያጥቡ ነበር።

በጅቡቲ እርጥብ ግራዋ የማይገኝ ከሆነ፣ ከደጋው የመጣ ደረቅ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፎ መጠቀም ይቻላል። ይህም ከታጣ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳና ንጹሕ ብሩሽ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

4ኛ፤ ግራዋው መራራነቱን እንዳያስቀር ዕቃው በንጹሕ ውሃ ሦስትና አራት ጊዜ ይለቅለቅ። የመጨረሻው ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ንጹሕ መሆን አለበት።

5ኛ፤ ዕቃው አፉ ወደ ታች ተደርጎ አየር እንዲገባው በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይደፋ፤ ውሃው ከተንጠፈጠፈም በኋላ ፀሐይ ይምታው። የጅቡቲ ፀሐይ በሌላ ነገር ቢያስቸግርም በዚህ ሥራ ግን ታማኝ ረዳት ነው። ነገር ግን በባሕሩ ዳር አየሩ እርጥበት ስለሚበዛበት፣ ከላይ የደረቀ የሚመስል ጋን በውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እጅ አስገብቶ ታችኛውን ወለል መዳሰስ ያስፈልጋል።

6ኛ፤ በሚገባ የደረቀው ዕቃ ይታጠን፤ ወዲያውም ንጹሕ ክዳን ይደረግለት። ከታጠነ በኋላ ብዙ ቀን ሳይሠራበት የቆየ ጋን ጥንስሱ በሚጠነሰስበት ዕለት እንደገና ተለቅልቆና ደርቆ ሊታጠን ይገባል።

የወይራ ጭስ ሥራ

ወይራ የሚመረጠው ለሽታው ብቻ አይደለም። እንጨቱ ያለ ነበልባል ሲጨስ ከጭሱ ጋር ፌኖል የሚባሉና ሌሎችም ባክቴሪያንና ሻጋታን የሚያዳክሙ ነገሮች ይወጣሉ። እነዚህም በጋኑ ግድግዳ ላይ በስሱ ይቀራሉ። ከጭሱ ጋር ያለው ሙቀት ደግሞ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን እርጥበት ያደርቃል። ስለዚህ ጥሩ አጠና የሚባለው ፍሙ ላይ የተደረገው የወይራ ስንጥር ነበልባል ሳያወጣ እየጨሰ፣ ጋኑ በላዩ ተደፍቶ ውጭው በእጅ ሲዳሰስ ሙቀቱ እስኪታወቅ ድረስ የሚቆየው ነው። ከልክ በላይ የታጠነ ዕቃ ግን ጠላውን ጭስ ጭስ ያሰኘዋል።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ነገር መታወስ አለበት። አንደኛ፣ ጭስ ቆሻሻን አያጥብም። ያልታጠበን ጋን ማጠን በቆሸሸ ልብስ ላይ ሽቶ እንደ መርጨት ነው፤ ሽታው ለጊዜው ይሸፈናል እንጂ ክፉው ነገር ከሥር ይኖራል። ሁለተኛ፣ ፍምና ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣሉ። ለሙቀት መከላከያ ሲባል መስኮቱን ዘግቶ ማቀዝቀዣ በሚከፍት የከተማ ቤት ውስጥ ዕቃ ማጠን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አጠናው በግቢ ወይም በሰገነት ላይ፣ ልጆች በሌሉበት ቦታ ይሁን።

ዕቃን በጭስ ማጽዳት ለጅቡቲ አገር እንግዳ ጥበብ አይደለም። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች የወተት ዕቃቸውን ከጥንት ጀምሮ መልካም ሽታ ባለው እንጨት ጭስ ሲያጥኑ ኖረዋል፤ ወተቱ በሙቀት ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዳቸውም ይህ ነው። የደጋዋ ጠላ ጠማቂና የቆላዋ ወተት አላቢ ሳይማከሩ ወደ አንድ ጥበብ ደርሰዋል። በጅቡቲ ተራሮች ላይ በዴይ ጫካ የዱር ወይራ እንደሚገኝ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይህ ጫካ በድርቅና በግጦሽ ብዛት እጅግ የተጎዳ፣ በዚያ ደረቅ አገር የቀረ ብርቅ ሀብት ስለ ሆነ ለጋን ማጠኛ ተብሎ አንድም ቅርንጫፍ ሊቆረጥበት አይገባም። ለአንድ ጋን የሚያስፈልገው እፍኝ ስንጥር ብቻ ነውና ከደጋው የመጣው ይበቃል።

የፕላስቲክና የብረት ዕቃ

በወደብ ከተማ ባዶ በርሜል በቀላሉ ይገኛል፤ ትልቁም አደጋ ያለው በዚህ ነው። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የኢንዱስትሪ ኬሚካል፣ ቀለም ወይም ዘይት የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ሊሆን አይችልም። መርዙ ወደ ፕላስቲኩ ገላ ስለሚገባ፣ ውሃው የማያወጣውን አልኮልና አሲድ ያለው ጠላ ቀስ በቀስ ሊያወጣው ይችላል። ምን እንደነበረበት በእርግጥ ያልታወቀ በርሜል ሁሉ እንደ መርዝ ዕቃ ይቆጠር። በብዙ ዕቃዎች ላይ የሚታየው የብርጭቆና የሹካ ምልክት ዕቃው ለምግብ እንዲሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑን ያሳያል፤ ገዢው ይህን ፈልጎ ማየት ይገባዋል። ብርሃን የሚያስገባ፣ ያረጀና የተሰነጣጠቀ ጀሪካንም አይመረጥም።

የፕላስቲክ ዕቃ በአሸዋ፣ በጠጠርና በሽቦ አይፈተግም። ሸክላን የማይጎዳው ፍትጊያ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፤ እያንዳንዱም ጭረት ለባክቴሪያ ምሽግ ይሆናል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃና ሽታ የሌለው ሳሙና ይበቃዋል። ፕላስቲክ ሊታጠን ስለማይችል ከእጥበቱ በኋላ በጭሱ ፈንታ በረኪና ያገለግለዋል። መጠኑም 5 በመቶ ያህል ጥንካሬ ካለው፣ ሽቶ ካልተጨመረበት በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ይህ ውሃ የዕቃውን ውስጥ ሁሉ እያራሰ 10 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ይደፋ፤ ዕቃውም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ይለቅለቅ።

ስለ በረኪና አራት ማስጠንቀቂያ አለ። በረኪና ቆሻሻ ባለበት ዕቃ ላይ ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ስለሚጨርስ ከእጥበት በፊት አይደረግም። በሙቀትና በፀሐይ ስለሚደክምም በጅቡቲ አየር ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ በረኪና አያስተማምንም፤ በጥቂት በጥቂቱ ተገዝቶ በጥላ ይቀመጥ። ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ፤ መተንፈሻን የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ያወጣል። በመጨረሻም በረኪናና የወይራ ጭስ በአንድ ዕቃ ላይ አይገናኙ። የበረኪናው ክሎሪን ከጭሱ ፌኖል ጋር ሲዋሐድ እጅግ ጥቂት በሆነ መጠን እንኳ ለጠላው የመድኃኒት ጣዕም ይሰጠዋል። ስለዚህ ሸክላው በግራዋና በጭስ፣ ፕላስቲኩ በሳሙናና በበረኪና፣ እያንዳንዱ በየሥርዓቱ ይያዝ።

የብረትን ዕቃ በተመለከተ፣ ዚንክ የተቀባ ባልዲና ያልተለበጠ የመዳብ ዕቃ ለጠላ ማስቀመጫ አይሆኑም። የጠላው አሲድ ብረቱን እየበላ ወደ መጠጡ ያስገባዋል። የማይዝገው ብረት መልካም ነው፤ እርሱን ለማጽዳት ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃሉ፤ በረኪና ግን ብዙ ሲቆይበት ይጎዳዋል።

ማጥለያ፣ ቅልና ብርሌ

ትልቁ ጋን በሚገባ ታጥቦ ትናንሾቹ ዕቃዎች ስለሚረሱ የሚበላሸው ጠላ ጥቂት አይደለም። የማጥለያው ጨርቅ ሥራው እንዳለቀ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ በፀሐይ ይሰጣ። እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ያደረ ማጥለያ ከቆሸሸ ጋን አይሻልም። መቅጃው ቅል ከታጠበ በኋላ ደርቆ ይታጠን እንጂ በጠላው ውስጥ ተንሳፎ አይደር። የጠጁ ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ እፍኝ ጥሬ ገብስና ለብ ያለ ውሃ አስገብቶ በኃይል ቢነቀንቁት ታችኛው ክፍል ይጸዳል። የጎማ ቱቦ ካለ በውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ስለማይቻል ቶሎ ቶሎ በአዲስ ይለወጥ። የጠማቂዋም እጅ ከዕቃዎቹ አንዱ መሆኑ አይዘንጋ።

የማለቅለቂያው ውሃ

ጠላ ወደ መጨረሻው ውሃ ተጨምሮበት ሳይፈላ የሚጠጣ ስለ ሆነ፣ በዕቃው ውስጥ የቀረው የማለቅለቂያ ውሃ በቀጥታ ወደ ጠጪው ይደርሳል። ንጹሕ ባልሆነ ውሃ የሚመጡት እንደ ኮሌራ ያሉ በሽታዎች ጣዕምና ሽታ የላቸውም፤ ስለዚህ ውሃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይገባል። ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ በጅቡቲ ከባሕሩ ዳር በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሁለቱም ለዚህ ሥራ የሚበቁ ናቸው።

የጅቡቲ ከተማ የጉድጓድ ውሃ ከጥንት ጀምሮ ጨዋማነት የሚያጠቃው ነው። ይህን ችግር ለማቃለል በ2017 ከኢትዮጵያ ከሐደጋላ የከርሰ ምድር ውሃ የሚያመጣ ረጅም ቧንቧ ተመረቀ፤ በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውሃ የሚያጣራ ጣቢያ ተመረቀ። ጨዋማ ውሃ በዕቃው ላይ ሲደርቅ ነጭ ልጥፍ ያስቀራል፤ በልጥፉም ውስጥ ባክቴሪያ ይጠለላል። በፕላስቲክና በብርጭቆ ላይ ያለው ልጥፍ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ይለቃል። ሎሚው ፈጽሞ ከታጠበ በኋላ ብቻ፣ ካስፈለገ፣ በረኪናው ይከተላል።

የዕቃው ንጽሕና እንዴት ይታወቃል

ጠማቂዋ ውድ እህሏን ከመጨመሯ በፊት ዕቃውን በውሃ ልትፈትነው ትችላለች። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ወደ ዕቃው ጨምሮ፣ ከድኖ አሳድሮ ጠዋት ማሽተት ነው። የሸክላውና የወይራው ሽታ ብቻ ካለ ዕቃው ለጥንስስ ደርሷል። ኮምጣጤ፣ ሻጋታ ወይም የበሰበሰ ነገር የሚሸት ከሆነ ግን አጠባቡ ከመጀመሪያው ይደገም። ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚገባ ታጥቦና ታጥኖ ሽታው ያልለቀቀው ጋን ከጠላ ሥራ ይሰናበት፤ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ለሌላ የቤት አገልግሎት ይሆናል። አንድ ጋን መተው ቢያሳዝንም፣ በየወሩ አንድ ጋን ሙሉ ጠላ ከመድፋት ይሻላል።

እንግዲህ ከላይ የተባለው ሁሉ ሲጠቃለል ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃው ሳይደርቅ ቶሎ መታጠብ፣ ከታጠበ በኋላ ፈጽሞ መድረቅ፣ ከደረቀም በኋላ እንደ ጠባዩ በጭስ ወይም በበረኪና መጠበቅ። በደጋው የሚኖረው ይህን ቢያደርግ ጠላው ለብዙ ቀን ጣዕሙን ይጠብቃል። በጅቡቲ ሙቀት የሚኖረውም ቢያደርገው ድካሙ ከንቱ አይሆንም፤ የሚጠምቀውንም በትንንሽ ዕቃ ጥቂት ጥቂት ቢያደርግ የበለጠ ይጠቀማል። ይህ ሥራ ትልቅ ገንዘብና የውጭ አገር መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፤ ትጋትን ብቻ ይፈልጋል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን እህል ማክበር ማለት እህሉ የሚገባበትን ዕቃ ማጽዳት ማለት ነውና፣ ማንኛውም የቤት ባለቤት የዛሬውን ጋን ዛሬውኑ ይጠብ።